የሐረና እስስቶች በአራዳ

የማኅበሬ እኅቶች፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ በር ላይ ቆማችሁ የጠበቃችሁኝን አልረሳሁም። አንዷ «ፒያሳ ሌሊቱ ከቀኑ ይደምቃል ይባላል፣ እውነት ነው?» አለች። ሌላዋ «ደረጀስ ተፈታ?» አለች። ሁለቱን በአንድ አፍ መመለስ አቃተኝና ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ። ዝምታዬን በኩራት እንዳትተረጉሙት ያየሁትን እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል ጽፌላችኋለሁ። በማኅበር ዕለት አንዷ ታንብበው፣ ሌሎቻችሁ ስሙት። መንገዱን የማትሄዱት ብዙ ናችሁና የመንገዱንም አልተውኩትም።

ደረጀ የእናቴ ልጅ ነው። ከመንዝ እኔን ብሎ ደሎ መና የመጣ ጊዜ አፉ ላይ ጢም አልነበረውም። እዚሁ አድጎ የቡና አይሱዙ ሹፌር ሆነ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ልጁ ሊዲያ እኔ ዘንድ ናት። ጥቅምት ውስጥ ፒያሳ መኪናውን አቁሞ ሰው ሲጠብቅ ተያዘ። ካርቶን ሙሉ እስስት ይዞ ነበር። ወደ ውጭ አገር ወስደው ለመስታወት ቤት ጌጥ የሚሸጧቸው ሰዎች አሉ አሉ። ደረጀ ለፖሊስ «እዚሁ አዲስ አበባ ከአጥር ላይ ነው የለቀምኳቸው» የሚል ቃል ሰጠ። ከሳሽ ደግሞ «ከሐረና ጫካ፣ ከጥብቁ ደን ውስጥ ነው ያወጣቸው» አለ። ከከተማ አጥር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከጥብቅ ደን ከሆነ ግን ዓመታት ያሳስራል። እንግዲህ የወንድሜ ዕድሜ እስስቶቹ የየት አገር ሰዎች ናቸው በሚለው ላይ ተንጠለጠለ።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሣሁ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ስንቄ ቆሎና ዳቦ ነው። ሐረናን ስናቋርጥ ጫካው እንደ ሁልጊዜው ውኃ ያንጠባጥባል። እኛ ለምደነው አናየውም እንጂ፣ እዚያ ቅጠል መሀል ስንት ነፍስ እንዳለ ያን ቀን ነው ያሰብኩት። ቡና ስንለቅም እጃችን ላይ የምትወጣው ያቺ አረንጓዴ እስስት ለሰው እስር ቤት ትሆናለች ብሎ ማን ያስባል?

ሳነቴ አናቱ ላይ ጎማው ፈነዳ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሹፌሩ ክሪኩን ረስቶ መጥቷል። ተሳፋሪው ወርዶ ድንጋይ እየደረደረ መኪናውን በትከሻው አነሣ። አንድ ባሌ ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ ጋቢውን አውልቆ ያለ አንዲት ቃል እኔ ላይ ጣለው። ስንደርስ ስመልስለት «ለደረት ሕመም ነው ያዋስኩሽ፣ ለምስጋና አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ሮቤ አንዲት ክርስቲያን ቤት አደርኩ፤ ሽሮውም አልጋውም ሞቅ ያለ ነበር።

ማክሰኞ

ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ነው። ሻሸመኔ ላይ ሁሉም ለምሳ ሲወርድ እኔ ጾሜን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልይዝ መቀመጫዬ ላይ ቆየሁ። ስምጥ ሸለቆውን ስንሻገር ሙቀቱ ራሴን አዞረኝ። ይህን ሸለቆ አስታውሱልኝ፤ ኋላ ነገር ያመጣል።

አዲስ አበባ ስንገባ ፀሐይ ወደ ማዘንበል ብላ ነበር። ያለኝ ማረፊያ የአክስቴ ልጅ ቤት፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ስልኳ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አይሠራም፤ እኔም «ባትሪ ይሆናል» እያልኩ ነበር። ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ «ዶሮ ማነቂያ ስንደርስ ንገረኝ ልጄ» አልኩት።

«ዶሮ ማነቂያ? እናቴ፣ ዶሮውም ሄዷል፣ ማነቂያውም ሄዷል!» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት ግን «ቀልድ አይደለም፣ ፈርሷል እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ወርጄ አየሁት። የምታስታውሱት፣ ያ በጭቃና በቆርቆሮ የተደገፈ፣ አንዱ ቤት የሌላውን ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ሰፈር ሜዳ ሆኗል። ሰፊ መንገድ፣ የተነጠፈ የእግረኛ መሄጃ፣ በረድፍ የቆመ መብራት፣ ገና ሥር ያልያዘ ሣር። ያምራል፤ ውሸት አልጽፍም። ግን የአክስቴን ልጅ በር የምጠይቀው ድንጋይ እንኳ አላገኘሁም። አንዱ መንገደኛ «ሁሉም ወደ ከተማው ዳር ነው የሄዱት፤ የትኛው ዳር እንደሆነ እንጃ» አለኝ። ደሎ መና ውስጥ ሰው ቤት ሲቀይር ዶሮዋ ሳትቀር የት እንደገባች ጎረቤት ያውቃል።

የቀረኝ አንድ አድራሻ ነበር፤ የደረጀ አይሱዙ የታሰረበት የፖሊስ ግቢ። ከራስ መኰንን ድልድይ ወደ ላይ ነው። እዚያ በር ላይ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ዘበኛ ቆመዋል። ማንነቴን ነገርኳቸው። ደረጀ ወንድሜ እንደሆነ፣ ማረፊያ እንዳጣሁ፣ አልደበቅኩም። ሲሰሙኝ ቆይተው፦

«የመንዝ ልጅ ነሽ» አሉ።

«እንዴት አወቁ አባቴ? ባሌ ስንት ዘመኔ!»

«ባሌ ልሳንሽን ቀብቶታል እንጂ አልፋቀውም። እኔም የዚያው አፈር ነኝ። ነይ፣ ቤት አለ።»

ስማቸው ጋሽ መንገሻ ነው። ቤታቸው ውቤ በረሃ፣ ካልፈረሱት አሮጌ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ገና ደፍ ላይ ሳለሁ «እስስት ነሽ ወይስ ሰው? ይሄ ሰውዬ ሰሞኑን ከእስስት ሌላ ወደ ቤት የሚያወራው ነገር የለውም» አሉኝ። አልጋቸውን ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ብለምን ብማልድ አልሰሙኝም።

ረቡዕ

ጋሽ መንገሻ እስስቶቹን አሳዩኝ። በዚያው ግቢ የማስረጃ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ የማያይ ጥግ፣ በሽቦ በተከደነ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ግማሾቹ ሞተዋል። የቀሩት ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው ዓይናቸውን እንኳ ለማዞር የሰነፉ ይመስላሉ። የሚመግባቸው ሌላ ማንም አልነበረም፤ ጋሽ መንገሻ ናቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ ዝንብ እየያዙ የሚያመጡላቸው።

«ዝንቡን ከየት ያመጡታል?»

«ከሉካንዳ ደጅ ነዋ። ትናንትና የንስሐ አባቴ እዚያ ቆሜ አገኙኝ። ‹መንገሻ፣ በጾም?› አሉኝ። ‹ዝንብ ልይዝ ነው አባቴ› ብላቸው ይበልጥ አዘኑልኝ።»

ይህን የሚያወሩኝ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ነው። እስስት ጥርስ ከቆጠረች ጥርስ ይረግፋል የሚባለውን እኛም እናውቀዋለን፤ አራዳ ግን ከኛ ይብሳል። የግቢው ጸሐፊዎች ሲያልፉ ሁሉም በነጠላ፣ በእጅጌ፣ በወረቀት አፋቸውን ይዘው ከሩቅ ነው። እኔም ከልማድ አፌን በነጠላዬ ይዤ ከበሩ ላይ አየኋቸው፤ አየሁና ልቤ ዘለለች። አረንጓዴ አይደሉም! አመድማ ናቸው፣ የደረቀ ቅጠል የመሰሉ። የሐረና እስስት እንደ እንኮይ ቅጠል የለመለመች ናት። እነዚህ የኛ አይደሉም። ወንድሜ እውነቱን ነው አልኩ። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ «አቡነ ዘበሰማያት» ደገምኩ።

ከቀትር በኋላ የደረጀን ጠበቃ አገኘሁት፤ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ ነው የሚሠራው። ስለ ቀለሙ ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ሲያዙ የተጻፈው ‹አረንጓዴ› የሚል ነው። አሁን አመድማ ከሆኑ መንገድ ተከፈተልን» አለ። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ደስታ ሰውን ጆሮ ያሳጣል።

ሐሙስ

ያየሁት ነገር እንዲጸናልኝ ብዬ አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ሄድኩ። እስስት የምታጠና አንዲት ዶክተር አለች ብለውኝ ነበር። በር ላይ ብዙ ተጉላላሁ፤ አንድ ተማሪ አዝኖልኝ እስከ ቢሮዋ ወሰደኝ። ወጣት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ከወንበሯ ተነሥታ ወንበር ሳበችልኝ።

ነገሩን ስነግራት ተነሥታ ከመደርደሪያ ሁለት ብልቃጥ አወረደች። በአልኮል ውስጥ እስስቶች ናቸው። ሁለቱም ነጣ ያለ ግራጫ።

«የቷ ናት የሐረና?» አለችኝ።

«እንዴት አውቃለሁ? ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«አልኮሉ ቀለሙን በልቶታል። ለዚህ ነው እኛ በቀለም ብቻ የማንፈርደው» አለች። ቀጥላም በትዕግሥት አስረዳችኝ። እኔ በገባኝ መጠን እነሆ።

እስስት ሁለት ቀለም አላት። አንዱ የሰዓቱ ነው፤ ሲበርዳት ትጠቁራለች፣ ሲከፋት ትደበዝዛለች፣ ስትሞቅና ስትጠግብ ትፈካለች። ያረፈችበትን ጨርቅ እየመሰለች የምትለወጥ የሚመስለን በአብዛኛው ስህተት ነው። ሌላው ቀለም የአገሯ ነው፤ ከዘር የሚወርድ። የአንድ ዝርያ እስስቶች በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ተለያይተው ብዙ ዘመን ሲኖሩ ሙቀቱን ተሻግረው አይገናኙምና፣ የዚህኛው ማዶ አረንጓዴው ይጠነክራል፣ የዚያኛው ጎን ላይ ሌላ ኅብር ይወጣል። ይህ የአገር መልክ ነው። መልኩ ብቻ ሳይሆን ቅርፊቱ፣ ራሱ ላይ ያለው ቆብ፣ ጀርባው ሲለያይና ልዩነቱ ሲጸና ንዑስ ዝርያ ይሏቸዋል። ከዚያም ሲያልፍ ጨርሶ ሌላ ዝርያ ይሆናል። «የቱ ጋ ነው መስመሩ የሚሰመረው ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኛም እርስ በርሳችን ገና እንጨቃጨቃለን» አለች እየሳቀች።

«ታዲያ የፒያሳዋን ከሐረናዋ በምን ይለያሉ?»

ሁለቱን ከብልቃጥ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረቻቸው። «ጀርባቸውን በጣትዎ ይዳስሱት።» የአንደኛዋ ዝቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው። የሌላዋ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ በቆሙ ቅርፊቶች የተሰደረ ነው፤ ጣት ይይዛል። «ይቺ ናት የእርስዎ አገር ሰው» አለች።

«እዚያ ግቢ ያሉትን መጥተው ያዩልኛል?»

«ፍርድ ቤት ከጠራኝ እመጣለሁ። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

ከአራት ኪሎ እስከ ድልድዩ በእግሬ ወረድኩ። ጋሽ መንገሻ በሩን ከፈቱልኝ። «አንድ ጊዜ ልያቸው» አልኩ። ሳጥኑን ራሴ ከፈትኩ፤ አፌንም አልከደንኩም። የቅርቢቱን ጀርባ በጣቴ ዳሰስኩ።

ጣቴን ያዘው።

ጋሽ መንገሻ ከኋላዬ «ምነው ልጄ፣ ነከሰችሽ?» አሉኝ። «አይ» አልኩ። ያን ማታ እትዬ ዘነበች የጎመን ወጥ አቅርበው ቢያጎርሱኝ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልበላሁም፤ የመንገድ ድካም ነው ብለው ጤና አዳም አሸተቱኝ።

ዓርብ

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ደረጀ ከስቶ አየሁት። ሲያየኝ ግን በቅንድቡ ሳቀልኝ፣ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው።

በቅድሚያ እስስቶቹን የያዘው ፖሊስ ተጠየቀ። ጠበቃው «ቀለማቸው ምን ነበር?» አለው።

«አረንጓዴ።»

«ሌላ ምልክትስ? ቀረብ ብለው አላዩአቸውም?»

«እንዴት እቀርባለሁ? አፌን ይዤ ነው ያየሁት።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋም ከንፈሯን ነከሰች። ጠበቃው አልሳቀም። ያኔ ነው ረቡዕ ዕለት የከፈትኩለትን መንገድ ያየሁት። «ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፣ «የተያዙት አረንጓዴ ናቸው። ዛሬ ያሉት አመድማ ናቸው። እንግዲህ ወይ መጀመሪያም ደንበኛዬ እንዳለው የከተማ እስስቶች ነበሩ፤ ወይ ደግሞ አረንጓዴዎቹን ጠባቂው ሸጦ ከአጥር የለቀማቸውን ተክቷል። በሁለቱም መንገድ በደንበኛዬ ላይ ማስረጃ የለም።»

ጋሽ መንገሻ ተጠሩ። ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

«በእኔ።»

«ሌላ ሰው ይገባል?»

«ማን ደፍሮ? ሁሉም ይፈራቸዋል።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። የሚለውን ከየት እንደሰማ አላውቅም። «የተከሳሽ እኅት ከማክሰኞ ጀምሮ የምታድረው የት ነው?»

ጋሽ መንገሻ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወደ ዳኛዋ። «እኔ ቤት ነው። ማደሪያ አልነበራትም።»

በችሎቱ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። እኔ መሬት ብትከፈት በወደድኩ። የሰጡኝ አልጋ የጉቦ ምልክት ሆነባቸው። ዳኛዋ ነገሩ እስኪጣራ ለሰኞ ቀጠረች፤ ፖሊሶቹ ጋሽ መንገሻን ይዘው ሄዱ። ሲያልፉኝ «ለዘነበች የከሰሉ ማዳበሪያ ከአልጋው ሥር ነው በያት፣ ስትፈልግ እንዳትደክም» አሉኝ።

ውቤ በረሃ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቶች ከብበዋቸዋል፤ አንዷ እኔን አይታ «ኧረ ባለ እስስቷ መጣች!» አለች። ሻንጣዬን ላወጣ ገባሁ። እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ገብተው ሻንጣውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«እሱ ያስገባውን ሰው እኔ አላስወጣም» አሉ። «ግን ዛሬ አብሬሽ አልበላም። አትቀየሚኝ።»

ቅዳሜ

ደረጀን ለመጠየቅ ሄድኩ። በሽቦው ማዶ ደስታው ፊቱን ሞልቶታል።

«እታለም! ሰኞ ልወጣ ነው። ጠበቃው ምን ዓይነት ምላስ ነው ያለው! ሊዲያን አዋሪልኝ፤ ለገና እደርሳለሁ በያት።»

«ደረጀ፣ ጀርባቸውን ዳሰስኩት።»

ፈገግታው ባለበት ቆመ። ወደ ፖሊሱ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ እጅሽን ታጠቢ» አለ።

«የኛ ናቸው። የሐረና ናቸው።»

«እና? እስስት እኮ ነው እታለም። ሰው አልገደልኩም። ለቅመህ ጫን ተባልኩ፣ ለቅሜ ጫንኩ።»

«ሽማግሌው በሐሰት ታስረዋል።»

«ይፈቱታል! ሸጠ የሚል ማስረጃ ከየት ያመጣሉ? ጥቂት ቀን ነው። እኔ ግን ዓመታት ነው። ሊዲያ ስታድግ በዚህ ሽቦ ውስጥ ልትጠይቀኝ ነው?» ዓይኑ ሞላ። «አፍሽን ያዢ ነው የምልሽ። ሐሰት ተናገሪ አላልኩሽም። ዝም በይ ብቻ።»

ዝም ማለትስ መናገር አይደለም ወይ? አልኩ በልቤ። ያመጣሁለትን ዳቦ በሽቦው ሥር አቀበልኩት፤ ጣቱ ጣቴን ነካ፤ ቀዝቅዟል።

እሑድ

ጊዮርጊስ አስቀደስኩ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ቅዳሴው ሲያልቅ ሁላችንም በስም እንጠራራለን፤ እዚያ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ማንም ማንንም አያውቅም፣ ለማልቀስ ይመቻል። «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ። ያን ቀን የጸለይኩት ግን ትእዛዙ እኔን እንዲያልፈኝ ነበር። አላለፈኝም።

ስመለስ እትዬ ዘነበች ምስር ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ዶክተሯ። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «የእናትሽ ልጅ አይደለም ወይ?» አሉኝ።

«ነው።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ፈለግኩ፣ እትዬ። አጣሁ።»

ሰፌዱን አስቀምጠው ነጠላቸውን አነሡ። ዶክተሯን በስልክ ጠየቅናት፤ የታሰሩት ሽማግሌ ባለቤት ለዐቃቤ ሕጉ ነግረው እሱ እንዲያስጠራት መከረችን። እንዲሁ አደረግን። እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ እጄን ይዘው ነው የሄዱት። ያን ማታ ከአንድ ሳህን በላን።

ሰኞ

ዶክተሯ ችሎቱ ፊት ቆማ ሳጥኑን ስታይ የመጀመሪያው ቃሏ «እነዚህ እንስሳት በርዷቸዋል» የሚል ነበር። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከተፈቀደልኝ ፀሐይ ላይ ላውጣቸው።»

ዳኛዋ ጥቂት አመነታችና ተነሣች። ሁሉም ተከትሏት ወደ ፍርድ ቤቱ ግቢ ወጣ። የኅዳር ፀሐይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ። ዶክተሯ አንዲቱን በቅርንጫፍ አድርጋ ግንቡ ላይ አኖረቻት። ጸሐፊው፣ ፖሊሱ፣ ጠበቃው ሳይቀር፣ ሁሉም አፉን በእጁ ያዘ። ደረጀ እጁ በካቴና ነበርና መያዝ አልቻለም፤ ከንፈሩን ገጥሞ ቆመ።

ብዙ ቆየን። ምንም የለም። «ጌታ ሆይ፣ አመድ እንደሆነች ትቅር» ብዬ ጸለይኩ። ዶክተሯን እዚያ ያመጣኋት እኔው ሆኜ ይህን ጸለይኩ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት የሚሰማ አምላክ እንደሌለ እያወቅኩ።

መጀመሪያ ከዓይኗ ዙሪያ ነው የጀመረው። ከዚያ ጉንጯ። ከዚያ እንደ ውኃ በጎኗ ላይ ወረደ። ጥቁሩ እየሳሳ፣ አመዱ እየለቀቀ፣ የሐረና አረንጓዴ፣ ያ ቡና ስንለቅም የምናውቀው አረንጓዴ፣ አራዳ ግንብ ላይ ወጣ። አንድ ሰው «እግዚኦ!» አለ በእጁ መሀል።

ዶክተሯ ስለ ጀርባው ቅርፊት አስረዳች፤ ዳኛዋ ራሷ በጣቷ እንድትዳስስ አደረገቻት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። ጋሽ መንገሻ ተለቀቁ። ደረጀ ጥፋተኛ ተባለ፤ የቅጣቱ ልክ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ጠበቃው ዓመታት እንደሚሆን አልሸሸገኝም። በአጠገቤ ሲያልፍ «እህቴ፣ ስንት ዐቃቤ ሕግ ገጥሜአለሁ፤ ከቤተሰብ የመጣ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ» አለኝ።

ጋሽ መንገሻ ማታ ቤት ገቡ። «እግርሽን ካላጠብኩ» አሉ። አይሆንም ብዬ ብጮህ እንኳ ውኃው ሞቆ ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ሲያጥቡኝ እኔ ጣሪያውን አይ ነበር።

ማክሰኞ

አውቶቡሴ ከመነሣቱ በፊት ደረጀን ልሰናበት ሄድኩ። ዶክተሯ አንድ ነገር አደራ ብላኛለች። የቀሩትን እስስቶች ወደ ሐረና መመለስ ትፈልጋለች፤ ግን ጫካው ሰፊ ነው፣ በየአቅጣጫው ያሉትም መልካቸው ይለያያል። ከላይኛው የተለቀመውን ከታችኛው ጋር መደባለቅ ዘሩን ማበላሸት ነው አለች። ከየትኛው ቦታ እንደተለቀሙ የሚያውቀው ደረጀ ብቻ ነው። ካልተናገረ ዕድሜያቸውን እዚያው በሽቦ ውስጥ ይጨርሳሉ።

ደረጀ አይወጣም ብዬ ነበር፤ ወጣ። አልተሳደበም። ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ አየኝ። የዶክተሯን ጥያቄ ነገርኩት።

«የቦታውን ስም እነግርሻለሁ» አለ። «በፊት ግን አንቺ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሐሰት እንደማትናገሪ አይቻለሁ።»

«ምን?»

«ሽማግሌው ባያሳድሩሽ ኖሮ? ቤታቸው እንጀራ ባትበዪ፣ አልጋቸው ላይ ባትተኚ፣ ስማቸውንም የማታውቂው አንድ ዘበኛ ቢሆኑ ኖሮ፣ ትናገሪ ነበር?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። አይ ልል ፈለግኩ፤ እሱም አልወጣም። በልቤ ገብቼ ፈለግኩና «እውነቱን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፣ እኔ አላውቀውም» አልኩት። ጠባቂው ፖሊስ «ሰዓት» አለ።

ደረጀ እጁን ከሽቦው ላይ አነሣ።

«እንግዲያው እኔም አላውቀውም» አለና የቦታውን ስም ይዞ ገባ።